አጥንትና ነርቭ እንዴት ይነጋገራሉ?

ስለ ሰው አጽም የሚሰጠውን ትምህርት ለብዙ ጊዜ በአንድ መልክ ስናስተምር ቆይተናል። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ 206 አጥንቶች እንዳሉ እንናገራለን፤ አጥንት አካልን ይሸከማል፣ አንጎልንና ልብን ይከልላል፣ ለጡንቻም መያዣ ይሆናል ብለን እናስጽፋለን። አጽምን ከቤት ማገርና ምሰሶ ጋር ማመሳሰልም የተለመደ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በምንሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ ይህንኑ ትምህርት እንደ ጨረስን፣ አንድ ሠልጣኝ እጃቸውን አነሡ። ለረጅም ጊዜ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው ደረጃቸውን ለማሻሻል የመጡ፣ በዕድሜም እኛን የሚበልጡ ሰው ናቸው። በሕፃንነታቸው የልጅነት ልምሻ ይዟቸው ግራ እግራቸው ቀጥኗል፣ አጥሯልም፤ የሚሄዱትም በምርኩዝ ነው።

«መምህር፣ ይህ በሽታ የሚያጠቃው ነርቭን ነው ብለውናል። ታዲያ አጥንቴ ለምን አጠረ? አጥንቱን ማን ነካው?» አሉ።

እኛም «ጡንቻው ስለ ሰለለ ነው» ብለን ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍን። መልሱ ውሸት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነበር። ጠያቂው እንዳልረኩ ከፊታቸው አይተናል፤ ደወሉ ስለ ተደወለም ደስ ብሎን ወጣን። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልንሰጣቸው ይገባን የነበረው መልስ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሌላም ክፍል መነሣቱ ስለማይቀር፣ ለሥራ ባልደረቦቻችንም ሆነ ለተማሪዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ የማገሩን ምሳሌ መተው ይኖርብናል። ማገር የደረቀ እንጨት ነው፤ አጥንት ግን ሕያው ነው። ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ ይገባበታል፣ ሳያቋርጥ ይፈርሳል፣ ሳያቋርጥም ይሠራል። ይህን ሥራ በተለይ የሚያከናውኑት ሦስት ዐይነት ሕዋሳት ናቸው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት አሮጌውን አጥንት በአሲድና በኤንዛይም እያሟሙ ያፈርሳሉ። ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ከኋላ እየተከተሉ በፈረሰው ቦታ አዲስ ይገነባሉ። ሦስተኛዎቹ ኦስቲዮሳይት ይባላሉ፤ እነርሱም በገነቡት አጥንት ውስጥ ተቀብረው የቀሩ የቀድሞ ገንቢዎች ሲሆኑ፣ በቀጫጭን ክሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው በአጥንቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይለካሉ። በአዋቂ ሰው ከጠቅላላው አጥንት አንድ አሥረኛ ያህሉ በየዓመቱ በዚህ መንገድ ይታደሳል። አፍራሹ ገንቢውን ከቀደመ አጥንት ይሳሳል፤ ገንቢው ከበረታ ደግሞ ይጠነክራል። እንግዲህ ለአፍራሹም ሆነ ለገንቢው ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው?

የመማሪያ መጻሕፍት መልስ «ሆርሞን» የሚል ነው፤ ይህም ትክክል ነው። የአዋቂ ሰው አካል አንድ ኪሎ ግራም ያህል ካልሲየም ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ተከማችቷል። የቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ነርቭ መልእክት አያስተላልፍም፣ ጡንቻ አይኮማተርም፣ ደምም አይረጋም። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ዝቅ ሲል፣ አንገት ውስጥ ከታይሮይድ እጢ ጀርባ የተለጠፉት አራት ትናንሽ የፓራታይሮይድ እጢዎች ሆርሞናቸውን ይለቅቃሉ፤ በዚህም ምክንያት ከአጥንት ካልሲየም እየተቀነሰ ወደ ደም ይገባል። አጥንት እንግዲህ ምሰሶ ብቻ ሳይሆን ጎተራም ነው። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመጠን በላይ የወረደበት ሰው ከንፈሩንና ጣቱን ይደነዝዘዋል፣ እጁና እግሩም ይኮማተራል፤ ይህ የሚሆነው ነርቮቹ ስንቃቸው ጎድሎ ስለሚታወኩ ነው።

ጎተራ መሆኑን ለተማሪ ማሳየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሥጋው በደንብ የጸዳ የዶሮ እግር አጥንት በብርጭቆ ኮምጣጤ ውስጥ ይነከር፤ ኮምጣጤው በሁለት በሦስት ቀን ይለወጥ። ከሳምንት በኋላ አጥንቱ መልኩን ሳይለቅ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። የሟሟው የካልሲየም ማዕድን ነው፤ የቀረው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። እኛ ይህን ስናሠራ ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው አጥንቱን ለመቋጠር ይሻማሉ፤ ይሻሙ፤ የተቋጠረ አጥንት አይረሳም።

ነርቭ በአጥንት ጎተራ የሚቀለብ ከሆነ፣ በጎተራው አስተዳደር ላይ ድምፅ አለው ወይ? ወደ ዋናው ነገራችን የምንገባው እዚህ ላይ ነው። ቅልጥሙን ከአግዳሚ ወንበር ጠርዝ ጋር ያጋጨ ተማሪ አጥንት ነርቭ እንዳለው ማስረጃ አይፈልግም። አጥንትን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ በስሜት ነርቮች የተሞላ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ነርቮች የደም ሥሮችን ተከትለው በአጥንቱ ቀዳዳዎች እስከ መቅኔው ድረስ ይዘልቃሉ። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ከአጥንት ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርሱ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከአንጎል ወደ አጥንት ትእዛዝ የሚያወርዱ ናቸው። ይህ ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በአገራችን ከሚታወቁ ሁኔታዎች መማር እንችላለን።

ከልምሻው እንጀምር። የፖሊዮ ቫይረስ በኅብለ ሰረሰር የፊት ክፍል ያሉትን፣ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱ የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል። የስሜት ነርቮችን ግን አይነካም። ጡንቻው ትእዛዝ ሲያጣ ይሰልላል፤ የሰለለ ጡንቻ አጥንቱን አይጎትትም፤ እግሩም እንደ ጤነኛው ክብደት አይሸከምም። ጀርመናዊው ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳስረዳው፣ አጥንት ቅርጹንና ጥንካሬውን የሚያበጀው በሚያርፍበት ጫና መጠን ነው። ዛሬ የሥራው መንገድ በከፊል ታውቋል፤ ጫና ሲቀንስ የተቀበሩት ኦስቲዮሳይቶች ስክሌሮስቲን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ያወጣሉ፣ እርሱም ገንቢዎቹን ያግዳል። የምድር ስበት በማይሰማበት ጠፈር ውስጥ የሚቆዩ ሰዎች ከዳሌና ከእግር አጥንታቸው በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆነውን ማዕድን የሚያጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በተቃራኒው የቴኒስ ተጫዋች የሚመታበት ክንዱ አጥንት ከሌላው የወፈረ ነው። ሕፃኑ ገና በማደግ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል፤ በአጥንቱ ጫፍ አካባቢ ያለው የማደጊያ ክፍል የጡንቻ ጉተታና በቂ የደም ዝውውር ስለሚጎድልበት እግሩ ከመቅጠን አልፎ ያጥራል። የተጠቃው እግር ብዙ ጊዜ ሲዳስሱት የሚቀዘቅዘውም የደም ዝውውሩ ስለሚያንስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው «ጡንቻው ስለ ሰለለ ነው» ከሚለው መልሳችን ብዙም አይርቅም። ነርቭ አጥንትን የገዛው በጡንቻ በኩል ነው። በቀጥታስ?

የሥጋ ደዌ በሽታ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በሽታው «ጣት ይቆርጣል» እየተባለ ሲነገር ኖሯል፤ በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ከወገኑ ተለይቶ ኖሯል። ባክቴሪያው ግን ጣት አይቆርጥም። የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ስሜትን ነው። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ አገር በቬሎር በሠራበት ጊዜ እንዳሳየው፣ ሕመም የማይሰማው ሰው የጋለ ድስት ይይዛል፣ ሚስማር በወጋው እግሩ ይራመዳል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ አጥንቱም ቀስ በቀስ እየተመጠጠ ጣቱ ያጥራል። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለሕሙማኑ እግራቸውንና እጃቸውን በየቀኑ እንዲመረምሩ ማስተማርን የሕክምናው ክፍል ማድረጉ ከዚህ የመጣ ነው። በስኳር በሽታ ምክንያት የእግር ነርቮቻቸው በሞቱባቸው ሰዎች ላይም የእግር አጥንት ሳያም የሚሰባበርበትና የሚፈርስበት ሁኔታ አለ። ተማሪዎቻችን ስለ ሥጋ ደዌ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡትን አስተሳሰብ ለማረም ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ አላገኘንም።

የስሜት ነርቭ ጥቅም ግን ጉዳትን በማስጠንቀቅ ብቻ አያበቃም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የአይጥ ጥናት የሚከተለውን አሳዩ። አጥንት ሲሳሳ ገንቢዎቹ ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚባል ንጥረ ነገር አብዝተው ያወጣሉ። በአጥንት ውስጥ ያለው የስሜት ነርቭ ጫፍ ይህን ይቀበልና ወሬውን ወደ አንጎል ያደርሳል። አንጎልም ወደ አጥንት የሚልከውን አንድ ዐይነት የነርቭ ትእዛዝ ያላላል፤ ግንባታውም ይበረታል። የስሜት ነርቮቻቸው የተወገዱባቸው አይጦች ግን አጥንታቸው ሳሳ። በእነዚህ እንስሳት ላይ እንደ ታየው፣ አጥንት የራሱን መሳሳት ለአንጎል የሚያመለክትበት መንገድ አለው ማለት ነው።

ሁለቱም መንገዶች በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ የሚሆነው በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ይታያል። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግራቸው፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፉት ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ በ1961 ዓ.ም. በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ እግራቸው መንቀሳቀስ እንደ ተሳነው፣ በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት ውርወራ እንደ ተወዳደሩ ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቃል። እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰበት ሰው ላይ፣ ከጉዳቱ በታች ያለው አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በፍጥነት ይሳሳል፤ በጉልበት አካባቢ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ማዕድን ሊጠፋ ይችላል። ከጉዳቱ በላይ ያለው የክንድ አጥንት ግን ይጸናል። ፍጥነቱ፣ ነርቩ ጤነኛ ሆኖ ለረጅም ጊዜ በአልጋ ላይ ከተኛ ሰው ይበልጣል። ተመራማሪዎች ከጫና መቅረት ሌላ የነርቩ መቋረጥ ራሱ ድርሻ እንዳለው የሚጠረጥሩት በዚህ ነው። የሚያስገርመው፣ ከእነዚሁ ሕሙማን በአንዳንዶቹ ላይ በዳሌ መገጣጠሚያ አካባቢ፣ አጥንት መኖር በማይገባው በሥጋው መካከል፣ አዲስ አጥንት ይበቅላል። ከባድ የአንጎል ጉዳት በደረሰባቸውም ላይ ይህ ይታያል። ነርቭ ሲታወክ ግንባታው መጠኑንም ቦታውንም ሊስት ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንጎል እንውጣ። ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል፣ ከአልሞንድ ፍሬ የማይበልጥ ክፍል አለ። ረኀብን፣ ጥማትን፣ የሰውነትን ሙቀትና የብዙ እጢዎችን ሥራ የሚመራ ነው። ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ አካል የሚለውጥበት ሂደት፣ ማለትም ሜታቦሊዝም፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ከስብ ሕዋሳት የሚወጣና ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን አገኙ፤ ይህ ሆርሞን «ስንቅ አለ» የሚለውን ወሬ ለሃይፖታላመስ የሚያደርስ ነው። ሌፕቲን የሌላቸው አይጦች ያለ ልክ ይበላሉ፣ እጅግ ይወፍራሉ፣ አይወልዱምም። የመራቢያ ሆርሞናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ አጥንታቸው ሊሳሳ ይገባ ነበር። ጄራርድ ካርሰንቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደ ገለጹት ግን የአከርካሪ አጥንታቸው ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ነበር። ትንሽ ሌፕቲን በቀጥታ ወደ አንጎላቸው ሲጨመር አጥንቱ ቀነሰ።

ትእዛዙ ከአንጎል ወደ አጥንት የሚወርደው በምን ነው? በ2002 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት በሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው አለ። ይህ ነርቭ ስንደነግጥ ልብ እንዲመታ፣ እጅ እንዲያልብ የሚያደርገው ነው። በአጥንት ውስጥ ያሉት ጫፎቹ ኖርአድሬናሊን ሲረጩ፣ ገንቢዎቹ ሕዋሳት በላያቸው ባለ መቀበያ ይቀበሉታል፤ ሥራቸውንም ይቀንሳሉ፣ አፍራሾቹንም የሚያነቃቃ ምልክት ይሰጣሉ። ይህን መቀበያ በመድኀኒት የዘጉባቸው አይጦች አጥንታቸው ጨመረ። ሆኖም ነገሩ ለሁሉም አጥንት አንድ አይደለም፤ የእነዚያው ወፍራም አይጦች የጭን አጥንት ከጤነኞቹ ያጠረ እንጂ የበለጠ አልነበረም። ስለዚህ «ሌፕቲን አጥንትን ይቀንሳል» ብሎ በአንድ መሥመር ማስጻፍ አይገባም።

አይጥ ሰው አይደለም የሚል ተማሪ ቢኖር ትክክል ነው። በሰው ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ ግን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ፣ የሲምፓቴቲክ ነርቭን ትእዛዝ የሚያግዱ መድኀኒቶችን የወር አበባቸው ለቆረጠ ሴቶች ለ20 ሳምንታት ሰጠ። ከመድኀኒቶቹ ሁለቱ በደም ውስጥ የሚታየውን የአጥንት መፍረስ ምልክት ቀነሱ፤ ሦስተኛው ግን አልቀነሰም። ይህ ነርቩ በሰውም ላይ እጅ እንዳለው ያሳያል፤ ነገር ግን ማንም ለአጥንቱ ብሎ የግፊት መድኀኒት ይዋጥ ማለት አይደለም።

ለትምህርት ቤቶቻችን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላው መንገድ ነው። ሃይፖታላመስ ስንቅ ማነሱን ሲረዳ ሰውነቱን ወደ ቁጠባ ያስገባዋል፤ ከሚቆጥባቸው አንዱም የመራቢያ ሆርሞን ነው። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጃገረድ የወር አበባዋ ይቋረጣል። አንዳንድ አሠልጣኞች ይህን የብርታት ምልክት አድርገው ሲያዩት ሰምተናል። ፈጽሞ አይደለም። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ አፍራሾቹን የሚገታቸው ይጠፋል፤ አጥንቱ ይሳሳል፤ በሩጫው ድካም ብቻ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ጉዳቱ ወንዶችንም እንደሚጨምር አመልክቷል። ሰው በዕድሜው ሁሉ ከሚኖረው አጥንት አብዛኛውን የሚያከማቸው እስከ ሃያ ዓመቱ ገደማ ስለሆነ፣ በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል የጎደለውን በኋላ መሙላት አስቸጋሪ ነው። የስፖርት መምህሩና የባዮሎጂ መምህሩ በዚህ ጉዳይ ቢመካከሩ መልካም ነው፤ ልጅቷ ለወንድ መምህር መናገር ልታፍር ስለምትችል ሴት መምህርት ብትጠይቃት ይሻላል።

አጥንት ትእዛዝ ተቀባይ ብቻ ነው ወይስ እርሱም ይናገራል? ካርሰንቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ከገንቢዎቹ ሕዋሳት የሚወጣው ኦስቲዮካልሲን የሚባለው ፕሮቲን በደም ተጉዞ ከጨጓራ ጀርባ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያነቃቃል አሉ። አጥንት የስኳርን አጠቃቀም ይመራል መባሉ ብዙ ሰው አስደነቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሁለት ሌሎች የምርምር ቡድኖች ይህ ፕሮቲን የሌላቸውን አይጦች ራሳቸው አዘጋጅተው ቢመረምሩ በደም ስኳራቸው ላይ ችግር አላገኙም። ክርክሩ አልተዘጋም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሊፖካሊን 2 የሚባል ከአጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ወደ ሃይፖታላመስ ደርሶ የአይጦችን የምግብ ፍላጎት እንደሚቀንስ ተገልጿል። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር በክፍል ውስጥ የምናቀርበው ሁለቱንም ወገን ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ነው፤ ለፈተና የሚሆን መልስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ቅር ይላቸዋል፤ ሌሎቹ ግን ከሰዓቱ በኋላም ሲከራከሩ ይሰማሉ።

ይህን ሁሉ አንብበን ከጨረስን በኋላ ጠያቂያችንን ፈልገን አገኘናቸውና፣ የዚያን ቀኑ መልሳችን ግማሽ እንደ ነበረ ነግረን የቀረውን አስረዳናቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡ፤ ማስታወሻም ያዙ። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የማስተማር ልምምዳቸውን ለማየት ወደተመደቡበት ትምህርት ቤት ስንሄድ የአጽሙን ሥዕል ሰቅለው አገኘናቸው። ምርኩዛቸውን ከሰሌዳው አስደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ተማሪ በሜትር ሁለቱን እግራቸውን ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ይለካል። ልዩነቱ አራት ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ቁጥሩም በሰሌዳ ላይ ተጻፈ። በዚህ ጊዜ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቀጭኑን እግርዎን ሲነኩት ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀች።

«አዎን፣ ሁሉም ይሰማኛል» አሉ። ለምን እንደሚሰማቸው ለማስረዳትም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና በሰሌዳው ላይ ኅብለ ሰረሰርን መሣል ጀመሩ።